ቀጭንም ወፍራምም፣ ከነቅቤው

ዘሊካ ከሲት ኢልሃም ቤት የወጣችው በገባች በዘጠነኛ ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር የሰው ወለል ስትወለውል፣ የሰው ድስት ስትፈትግ፣ ሥራ አለቀ ሲባል ደግሞ የሲት ኢልሃምን ሦስት ሴቶች ልጆች ቁጭ አድርጋ ሹሩባ ስትሠራ ከርማ፣ አንድ ቀን «በቃኝ፤ የራሴን ወንበር አቆማለሁ» ብላ ሻንጣዋን አነሳች። «ሲት» በሱዳኖች አፍ እመቤት ማለት ነው። ዘሊካ ይህችን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ሳትላት የዋለችበት ቀን የለም፤ እሺ ሲት፣ መጣሁ ሲት፣ ይቅርታ ሲት።

ወንበሩንም አቆመች፤ ያውም ሁለት። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ይዛ፣ ትልቅ መስታወት ሰቅላ፣ በወሎ በተወለደችባት ከተማ ስም «ሐይቅ ሹሩባ ቤት» አለችው። ስሙን ስትሰይም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በዚያ መንደር ሐይቅን የሚያውቁት እሷና ሁለት የአገሯ ልጆች ብቻ ናቸው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ዓርብ ዓርብ የዕረፍት ቀን ያላቸው የሐበሻ ልጆች ይመጡና ወንበሩ ይሞቃል፤ በቀሩት ስድስት ቀናት መስታወቱ የሚያየው ዘሊካን ብቻ ነው።

እንግዲህ ካርቱም ገና ሰላም በነበረችበት ጊዜ፣ በአንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ፣ ሲት ኢልሃም ደወለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራ የሚበዛባት፣ ተናግራ መልስ የማትጠብቅ ሴት ናት።

«ዘሊካ፣ አዲሷ ልጅ ጥላኝ ሄደች። ክፍልሽ እንደነበረ ነው። እስከ ሐሙስ ቀትር መልስሽን ንገሪኝ፤ ካልሆነ ሌላ እፈልጋለሁ» አለችና ዘጋችው።

ዘሊካ ስልኩን እንደያዘች መስታወቱን አየች። መመለስ አልፈለገችም፤ አንጀቷ እምቢ አለ። ግን ባዶ ወንበር እያባበሉ ስንት ወር ይኖራል? እስከ ሐሙስ ቀትር የሚረባ ሥራ ከመጣ ትቆያለች፤ ካልመጣ ሻንጣዋ ያው ነው፣ አል-ጣኢፍም የትም አልሄደም። ከራሷ ጋር የተማማለችው ይህን ነው።

ጉዳዩን የነገረችው ለጋሼ ገብረየስ ነው። ጋሼ ገብረየስ አርባ ዓመት ካርቱም የኖሩ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ናቸው፤ የእሷንም ሰሌዳ የጻፉት እሳቸው ነበሩ። ዘመኑ ቀለምና ብሩሹን ሲንቅባቸው፣ «እኔም ወደ ስልክ ገባሁ» ማለት ጀምረዋል። ምን ያህል እንደገቡ ግን እግዜር ነው የሚያውቀው።

«ልጄ» አሏት፣ «ዛሬ ሰው አንጋጦ ሰሌዳ አያይም፤ አጎንብሶ ስልኩን ነው የሚያይ። የሚፈልገውን ይጽፋል፣ መልሱ ይዘረዘርለታል። እኛ ከፍለን ከዝርዝሩ አናት ላይ እንወጣለን። አይቶ ላለፈን አንከፍልም፤ ለነካን ብቻ ነው።»

ከካርቱም በካርድ መክፈል ስለማይሆን ዱባይ ያለው የእህታቸው ልጅ ከፈለ። ለሱቁ ብቻ የሚሆን አዲስ ቁጥር ተገዛ። ከዚያ ጋሼ ገብረየስ መነጽራቸውን ቤት ረስተው፣ ስልኩን ክንዳቸው እስከሚደርስበት አርቀው ይዘው፣ ማስታወቂያውን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ዘሊካ ዓረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም።

«ሹሩባን ምን እንበለው?» ሲሉ ጠየቋት።

«ሹሩባ ነዋ። ስሙ ነው።»

«ጥሩ። ያላወቀ ይጠይቅ።» ጻፉ። ስልኩ ከቃሉ ሥር ቀይ መስመር አሰመረና ሌላ ቃል አቀረበላቸው። ጋሼ ገብረየስ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት፤ ያው ሸ አለ፣ ያው ረ አለ፣ ያው በ አለ። ስልኩ ከእኔ ይልቅ ዓረብኛ ያውቃል ብለው እሺ አሉት። ቀጥሎ ዘሊካ ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰፈሩ፤ «እውነተኛ የሐበሻ፤ ቀጭንም ወፍራምም እንሠራለን፤ ከነቅቤው፤ ቤት ድረስ እንመጣለን»።

እሑድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ዘሊካ ብድግ ብላ አነሳችው። አንዲት ሱዳናዊት ናት፤ ድምፅዋ በጉንፋን ታፍኗል።

«የሐበሻ ሾርባ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ?»

ዘሊካ በደስታ ልቧ ዘለለ። ሹሩባ ማለት አቅቷት ነው፣ የእኛ ቃል ለአፋቸው ይከብዳል ብላ አሰበች። «እኛ ነን፤ ቀጭን ነው የምትፈልጊው ወፍራም?»

«ወፍራም ይሻለኛል። ለስንት ሰው ይሆናል?»

«ኧረ ለአንድ ሰው ነው። ብዙ ሰው ካላችሁ አንድ በአንድ ነው የምሠራው።»

«ቅቤው ብዙ ነው?»

«እንደ ፍላጎትሽ። አንዳንዱ እስኪንጠባጠብ ይወዳል።»

«ስንት ቀን ይቆያል?»

«በደንብ ከያዝሽው ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት? ፍሪጅ ውስጥ?»

ዘሊካ ግራ ገባት። ቅቤው እንዳይቀልጥ ይሆናል ብላ አለፈችው፤ የሀብታም ነገር አይታወቅም። «ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ጸጉር ረጅም ነው አጭር?»

«ጸጉር አለበት?»

«እንዴ፣ ያለ ጸጉርማ እንዴት ይሆናል?»

«አዑዙ ቢላህ» አለችና ሴትየዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ዘሊካ ነገሩ የገባት በሦስተኛው ደዋይ ነው፤ ሰውየው «ምስር ነው ወይስ ዶሮ?» ሲላት። ጋሼ ገብረየስ መነጽራቸውን አድርገው እየሮጡ መጡ፣ አነበቡ፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ስልኩ ሹሩባን ሾርባ አድርጎት ነበር። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ ነው፤ ከተማው ሁሉ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ይፈሳል፣ ሾርባ ያልፈለገ ማን አለ። ከፖርት ሱዳን ሳይቀር ደውለው «ትልካላችሁ ወይ?» ብለዋታል።

«ሰኞ ማታ ያልቃል፤ የሦስት ቀን ነው የተከፈለው» አሉ ጋሼ ገብረየስ አንገታቸውን ደፍተው።

«ማቆሚያ የለውም?»

«ይኖረዋል። ማቆሚያውን ግን አላውቀውም።»

ዘሊካ ተናደደች፤ ደግሞ ሳቋ መጣ፤ ደግሞ ተመልሳ ተናደደች። ሐሙስ እየመጣ፣ እሷ ሾርባ የለም ስትል ትውላለች። ዘጠኝ ዓመት የሰው ሾርባ ያፈላችው አነሰና፣ ሸሽታ የመጣችበት ድረስ ተከተላት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አንዲት ቀጭን ወጣት ክዳን ያለው ድስት ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። ማዶ ካለው ቢሮ ናት፤ ለሱቆች የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚሠራ ቢሮ ነው። ስሟ ሳራ ይባላል። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ያነክሳል።

«ሰላም ኻልቲ። ስምንት ሾርባ፣ ለቢሮ። አለቃችን ኦመር በጣም ታሟል፣ ያላ ቶሎ አለኝ።»

ኻልቲ ማለት አክስቴ ማለት ነው። ዘሊካ ገና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ብቻ አንስታ ትጣላት ነበር። «ሾርባ የለም» አለች። «ኖሮም አያውቅም። አርባ ሰው ደውሏል፣ ለአርባው ተናግሬያለሁ፣ አንቺ ደግሞ ከነድስትሽ መጣሽ።»

ሳራ ማበጠሪያውን አየች፣ መስታወቱን አየች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የተጎነጎኑ ጸጉሮች አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ማስታወቂያውን እንደገና አነበበች። ቀጭንም ወፍራምም፣ ከነቅቤው። ድስቱን መሬት አስቀምጣ እስኪደክማት ሳቀች።

«ኻልቲ፣ አንተ የምትሠራው ሙሻጥ ነው?»

«አንቺ በይኝ፤ ወንድ አይደለሁም። ሹሩባ ነው የምሠራው።»

«ሹሩባ ምንድነው?»

ዘሊካ አፍጥጣ አየቻት። «አንቺ የሐበሻ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«እናቴ የጎንደር ናት። ግን እቤትም ሙሻጥ ነው የምንለው። ሹሩባ፣ ወላሂ ዛሬ ሰማሁ።»

ዘሊካ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሙሻጥ። ቃሉንማ ታውቀዋለች። የሲት ኢልሃም ልጆች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ዘሊካ፣ ሙሻጥ ሥሪልን» እያሉ ነው ጭኗ ላይ የተጋደሙት። የሠራተኛ ቤት ቃል ሆኖባት ለራሷ ሱቅ አልሰጠችውም፤ ለሱቋ የእናቷን ቃል ነው የሰጠችው። አሁን የጎንደሬ ልጅ እንኳ ካላወቀችው፣ የትኛዋ ሱዳናዊት ነች ሹሩባ ብላ የምትጽፍ?

«ተቀመጪ» አለቻት ሳራን። «ጸጉርሽን በነጻ እሠራልሻለሁ። አንቺ የምታውቂውን ንገሪኝ።»

ጋሼ ገብረየስም ተጠርተው መጡ፤ ማስታወሻ ደብተር ይዘው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። ዘሊካ ከማጅራቷ ጀምራ ስትጎነጉን፣ ሳራ ዓረብኛና አማርኛ እያቀላቀለች ተናገረች።

«ኻልቲ፣ ሰው ያንተን... ያንቺን ስም አይፈልግም። የራሱን ችግር ነው የሚጽፈው። አንቺ ሐይቅ ትያለሽ፣ እሱ ሐይቅ አያውቅም። ስለዚህ እሱ የሚለውን ቃል እንወስዳለን። በጽሑፉም፣ ስልኩ ላይ ባለው ካርታም፣ በሁሉም ቦታ።»

«ከአነጋገር ይፈረዳል ማለት ይሄ ነው» አሉ ጋሼ ገብረየስ እየጻፉ።

«ሌላ ደግሞ፣ የማንፈልገውን ቃል እንዘጋለን። ሾርባ የጻፈ ሰው እኛን አያየንም፣ ኸላስ፣ በቃ።»

«ይዘጋል እንዴ?» አሉ ጋሼ ገብረየስ። ይህን ከሁለት ቀን በፊት ቢያውቁ ኖሮ የሚሰጡትን ነገር ያሰቡ መሰሉ።

«ይዘጋል፣ አሚ» አለች ሳራ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ቦታም ይዘጋል። ፖርት ሱዳን ያለ ሰው ለጸጉር እዚህ አይመጣም፤ ለምን እሱ ሲነካ ትከፍያለሽ? ካርቱም ሁለት፣ አል-ማንሺያ፣ አል-ጣኢፍ፣ በቃ። ሰዓትም እንዲሁ። ስልክ የማታነሺበት ሰዓት ማስታወቂያው ይተኛ። አንድ ሰው ደውሎ ካላነሳሽ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ አይመለስም።»

«ሦስቱ ቀን ሲያልቅስ? እንደገና ልከፍል ነው?» አለች ዘሊካ። ቅቤ በጣቷ ጫፍ አንስታ የሳራን የጸጉር ፍርቅ አሸችው።

«ማስታወቂያው በቦቴ እንደሚመጣ ውሃ ነው፤ ሂሳቡ ሲቆም ይቆማል። ካርታው ላይ መመዝገብ ግን ጉድጓድ ነው። ቀስ ይላል፣ ግን ያንቺ ነው። እውነተኛ ፎቶ አድርጊ፤ የራስሽን ሥራ፣ ከሌላ ሰው የተወሰደ አይሁን። የሠራሽላት ሴት ሁሉ አንድ መስመር እንድትጽፍልሽ ለምኚ። በራሷ አፍ ትጻፍ፤ እሷ የጻፈችውን ቃል ጎረቤቷ ትፈልገዋለች።»

ከዚያ ሳራ ስልኳን ከፍታ፣ በዚያ ሰፈር ሰዎች ጸጉር የምትሠራ ሴት ሲፈልጉ የሚጽፉትን ዝርዝር አነበበች። ሙሻጥ ቅርብ። ሙሻጥ ለሙሽራ። ከሁሉም የበዛው ግን ሁለት ቃል ነበር፤ «ሲት ሙሻጥ»።

ዘሊካ እጇ ቆመ።

ሱዳኖች ሲት የሚሉት ለሀብታም እመቤት ብቻ አይደለም። መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላዋን ሲት አሻይ ይሏታል፤ የሻዩ ባለቤት፣ ባለሙያዋ ማለታቸው ነው። ዘሊካ ይህንንም ታውቃለች። ግን የራሷ ራስ ላይ ሲያርፍ ከበዳት።

«ይሄን አልጽፍም» አለች። «እኔ ሲት ነኝ ብዬ? ሰው ይስቅብኛል። ሐይቅ ይሻለኛል።»

«ሐይቅ ሰሌዳው ላይ ይኑር፣ ቆንጆ ነው። ግን ሲት ሙሻጥ የምትይው አንቺ አይደለሽም፤ ሰው ነው የሚልሽ። አንቺ አቤት ማለት ብቻ ነው።»

ጋሼ ገብረየስ ከደብተራቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ እኔ ሾርባ አድርጌሽ ነበር። ከዚያስ ይሄ አይሻልም?» አሏት፣ ሦስቱም ሳቁ። «ጻፉት» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ማክሰኞ የዱባዩ ልጅ እንደገና ከፈለ፣ ሱቁ ካርታው ላይ ተመዘገበ፣ ቃሉም ሁሉ ተለወጠ። ጋሼ ገብረየስ ነካኩት፣ ሳራ ደግሞ አንድ በአንድ አየችው፤ ያለ መነጽር እንዳይነኩት አስማለቻቸው። ረቡዕ ሦስት ሰው ደወለ፤ ስለ ሾርባ የጠየቀ አንድም አልነበረም። አንዲት የባንክ ሠራተኛ መጥታ ተሠርታ፣ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ፣ ደስ ብሏት ሄደች፤ የምትጽፈውንም አንድ መስመር እዚያው ጻፈች። ጥሩ ነበር። ግን አንዲት ሴት ናት፤ አንዲት ሴት ደግሞ ሱቅ አታቆምም።

ሐሙስ ጠዋት ማንም አልመጣም። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት። ዘሊካ ወንበሮቹን ሁለት ጊዜ ወለወለቻቸው። ጋሼ ገብረየስ ደረጃው አፍ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡ መሰሉ፤ ጋዜጣውን ግን አላገላበጡትም። አምስት ሰዓት አለፈ። ዘሊካ የራሷን ስልክ አነሳችና የሲት ኢልሃምን ቁጥር አወጣች። ቃል ቃል ነው፤ ራሷ ናት የተማማለችው። «እሺ ሲት፣ መጣሁ» የምትለውን አፏ ውስጥ አዘጋጅታ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል፣ የሱቁ ስልክ ጮኸ።

«አሎ፣ ሲት ሙሻጥ ነሽ?»

ድምፁን ከሺህ ድምፅ ትለየዋለች። ዘጠኝ ዓመት ከፎቅ ሲጠራት ኖሯል። እግሯ ሳያማክራት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ድሮ ያ ድምፅ ሲጠራት እንደምትቆመው። ዘሊካ ወደ እግሯ አየችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አዎ» አለች። «ሲት ሙሻጥ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። ስሚኝ እህቴ፣ ሳምንት ልጄን እድራለሁ። ሙሽራዋ አለች፣ እህቶቿ አሉ፣ የአክስቶቿ ልጆች አሉ፤ በድምሩ ሰባት ራስ። ጭንቅ ነው የያዘኝ። እኛ ቤት የምትሠራ አንዲት ሐበሻ ነበረች፤ እጇ ወርቅ ነው እልሻለሁ። እሷ ከሄደች ወዲህ የሠሩት ሁሉ ለዓይኔ አልሞላ አለ። አንቺ ደግሞ ሐበሻ ነች ብለው ጽፈውልሻል። እንደሷ መሥራት ትችያለሽ?»

ዘጠኝ ዓመት እጅሽ ወርቅ ነው ያላት አልነበረም። ሥሪ፣ ፍጠኚ፣ ጨርሰሻል ወይ እንጂ። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«እችላለሁ ሲት ኢልሃም። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።»

«ዘሊካ?»

«አዎ።»

«ዛሬ መልስ ልትሰጪኝ አልነበረም እንዴ?»

«መልሴ ይኸው ነው» አለች ዘሊካ። የገዛ ድምፅዋ እንዲህ ረጋ ማለቱ ገረማት። «አልመለስም። ለሰርጉ ግን ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። ለሙሽራዋ ቤት ድረስ እመጣለሁ፤ ልጄ ናት፣ ጭኔ ላይ ነው ያደገችው። ስድስቱ እዚህ ይምጡ። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ሦስቱን፣ እሑድ ሦስቱን ልያዝልዎ?»

ሲት ኢልሃም መልስ የማትጠብቅ ሴት ናት ብለናል። ያን ቀን ግን ጠበቀች፣ አሰበች፣ ከዚያም ሳቀች፤ ከልቧ። «አንቺ ልጅ፣ ቀጠሮ ታስይዢኝ ጀመር? እሺ፣ ያዥልኝ። ሱቅሽ የት ነው? መጥቼበት አላውቅም።»

«ካርታው ላይ አለ። ሲት ሙሻጥ ብለው ይጻፉ፤ ራሱ ያመጣዎታል።»

«ማዕ ሰላማ፣ ያ ሲት ሙሻጥ» አለችና ሲት ኢልሃም ተሰናበተች። ዘጠኝ ዓመት ሳትሰናበት ነበር የምትዘጋው።

ጋሼ ገብረየስ ጋዜጣቸውን አጥፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊቷን አይተው ደስታ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃታቸው።

«ማን ነበረች?»

ዘሊካ እስክሪብቶ አነሳች፣ የቀጠሮ ደብተሯን ገለጠች፣ ቅዳሜ ከሚለው ሥር መጻፍ ጀመረች።

«ደንበኛ ናት» አለች።